በሁለት ድንኳን ያለቀሰችው

ያን ምሽት አቶ ድልነሳው እራት አላሰኛቸውም። እሜቴ የሻረግ ሲሞቱ ሀብታቸውን ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ተናዝዘው ነበር፤ ቃላቸውም የአገሬው ትውልድ በአባትም በእናትም እየተቆጠረ በድምፅ መቅረጫ የሚቀመጥበት ክፍል እንዲሠራ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሰብሳቢ አቶ ድልነሳው ግን፣ «አባቶቼን እስከ ሰባት ቤት በቃሌ እወርዳለሁ፤ ለሴት አያት ደግሞ ቤት ይሠራል እንዴ?» ብለው የእንግዳ መቀበያ ሊያደርጉት ቆርጠዋል። የዚያ ምሽት ጭንቀታቸው ግን ሌላ ነበር። ወንድማቸውን ከወንዝ ማዶ ሰዎች አንዱ ገድሎታል፤ ልጃቸው ምንይችልም የአጎቱን ደም ሊመልስ ጎህ ሲቀድ ይወጣል። ሂድ አላሉትም፤ ተው ለማለትም አፋቸው አልታዘዘላቸውም። እንደዚሁ ሲገላበጡ እንቅልፍ ጣላቸው።

በሕልማቸው እሜቴ የሻረግ በተከፈኑበት ነጭ መጥተው ክንዳቸውን ጨብጠው አስነሧቸው። «ና፤ የናቅኸውን ላሳይህ» አሏቸው።

የወሰዷቸው ወደ ወንዙ ዳር ነው። ውሃው ቀልቶ ረግቷል፤ ድንጋዩን ዝንብ ወርሶታል፤ ወንዶችም በጭጋጉ ውስጥ እየተፈላለጉ ይተራረዳሉ። አንዱ የሌላውን አንገት በጎራዴ ቀልቶ «ዘራፍ!» እያለ አባቶቹን ሲጠራ፣ ፉከራውን ሳይጨርስ አገጩ በጥይት ይበተናል፤ የተኮሰውም ገና አባቶቹን መቁጠር ሲጀምር በአፍ ጢሙ ይደፋል። ከወዲህና ከወዲያ ሁለት የሐዘን ድንኳን ተተክሏል። አንዲት አሮጊት ፊቷን ነጭታ፣ ሬሳ እየተራመደች፣ ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ትሮጣለች።

«እሜቴ፣ ይህች ሴት የየትኛው ወገን ናት?»

«የሁለቱም። ለእነዚህ የአባት እናት፣ ለእነዚያ የእናት እናት።»

«ታዲያ እንዴት አላወቋትም?»

«ማን ቆጠራትና! ለጋብቻ ሲሆን ሰባት ቤት በአባትም በእናትም ታጣራላችሁ፤ ለመግደል ሲሆን አንድ ቤት እንኳ አትጠይቁም።»

ይህን ብለው ከሬሳዎቹ የአንዱን ፊት ገለጡ። ምንይችል ነበር፤ ዓይኑ ፈጦ፣ ደረቱ ተቦድሶ። አቶ ድልነሳው ጮኸው ወደቁ።

«ተነሥ፤ ይህንንም እይ።»

ቀና ሲሉ ኑዛዜው ያዘዘው ሰፊ ክፍል ተሠርቶ እሱ ውስጥ ናቸው። ጠመንጃ ሁሉ በር ላይ ተትቷል፤ ደመኞች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የወንድሙ ደም ልብሱ ላይ ያልደረቀ አንድ ጎልማሳ ጥርሱን ያፋጫል። ከመቅረጫው የአንዲት ሟች ባልቴት ድምፅ ልጆቿን በየተራ ይጠራል። የእሱ አያትና የደመኛው አያት ተከታትለው ሲጠሩ፣ ጎልማሳው እጁን እስኪደማ ነከሰ፤ ከዚያም ነገሩን ለሽማግሌዎች ተወው።

«ቂሙ ወጣለት?»

«አልወጣለትም» አሉ እሜቴ። «ግን አልገደለም።»

ሲባንኑ ጎህ ሊቀድ ነው። ምንይችል ደጃፍ ተቀምጦ ጠመንጃውን ይወለውላል።

«ልጄ፣ የአያትህ እናት ማን ትባላለች?»

«የትኛዋ፣ አባባ?»

«የትኛዋም ትሁን።»

«አላውቅም» አለ ልጁ። እሳቸውም አያውቋትም ነበርና አፈሩ። ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እንግዲያ ማንን ልትገድል እንደምትሄድ አታውቅም!»

ምንይችል ተናዶ ሲመነጭቃቸው ሰደፉ ከንፈራቸውን ተረተረው። አልለቀቁም። ጎረቤት በጩኸቱ ግር ብሎ ሲመጣ፣ ደማቸውን ሳይጠርጉ፣ «የእሜቴ የሻረግ ክፍል እንደ ኑዛዜያቸው ይሠራል! ቁጭ በሉ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ» አሉ።

ምንይችል እጁ ላይ የተረጨውን የአባቱን ደም አየ፤ ጠመንጃውንም ለቀቀ።

«ለመሆኑ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ማን ትባል ይሆን?»