ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥራት መኪና

በሚስቱ ዘመዶች ዘንድ ስሙ አኩራፊው ነው። ስሙን ያወጣለት የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ ገና ቤተሰቡን በተቀላቀለ ሰሞን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አፉን ሞልቶ። ከዚያ ወዲህ ቢስቅም አኩራፊው ነው፣ ቢጫወትም አኩራፊው ነው። እሱ ይህን አማቹን «ጋሼ» እያለ በአንቱታ ያናግራል፤ አማቹ ግን እንደ ሱቅ ተላላኪ «አንተ!» ይለዋል። ይህን ማንም ልብ አይለውም፤ እሱ ግን ልብ ይለዋል።

ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሯል። የሰው መኪና የሚነዳ ሰው መሪውን ይጨብጣል እንጂ መንገዱን አይመርጥም። ስለዚህ አማቹ አሮጌዋን ፎር ዊል ናፍጣ መኪናውን ሊሸጥ ሲነሳ፣ ያለ የሌለውን አሟጦ ገዛት።

መኪናዋ ሜዳ ላይ ምን ይወጣላታል! ዳገት ላይ ግን አንዳንዴ ትወጣለች፣ አንዳንዴ ደግሞ መሀል ላይ ጉልበቷ ይከዳታል። ነዳጅ ቢረግጥላት አትሰማም፤ ታጉረመርማለች፣ ትንዘፈዘፋለች፣ ትጠፋለች። ትንሽ አርፋ ስትነሳ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ሽምጥ ትወጣለች። ጨርሳ ብትበላሽ ይሻል ነበር፤ በሽታዋ ይታወቅ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከሰፈሩ ዳገት አናት ላይ ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ካባ ሠራተኞች ጭኖ ሲወጣ፣ ዳገቱ መሀል ላይ ቀጥ አለች።

«ሹፌር፣ ወርደን እንግፋ ወይስ ወርደን እንቅበራት?» አለ አንዱ ከኋላ። መኪናው ሙሉ ሳቅ ሆነ።

የካባው አለቃ በእግራቸው የደረሱትን ሠራተኞቹን አይቶ፣ «ሰኞ ጠዋት እነዚህን ጭነህ ሳትቆም ከወጣህ ሥራው ያንተ ነው። ከቆምክ ግን ሁለተኛ እዚህ አልይህ» አለው። ከካባው ሌላ ሥራ በአካባቢው የለም። ሥራው ከቀረ መኪናዋ ትሸጣለች፤ እሱም ተመልሶ የሰው ሹፌር ይሆናል።

ደሙ እንደፈላ ወደ አማቹ ቀለም መሸጫ ሄደ። ደንበኞች ፊት «ጋሼ፣ የታመመች መኪና ነው የሸጡልኝ!» ብሎ ጮኸ።

አማቹ የቀለም ቆርቆሮ ከመክፈት ቀና እንኳ አላለም። «እኔ ጋ እያለች ቆማ አታውቅም። ሹፌር ተቀየረባት እንጂ ሌላ የተቀየረ ነገር የለም።»

ደንበኞቹ ሳቁ። አኩራፊው ጆሮው ጋለ። «በሽታዋን አውጥቼ እጅዎ ላይ ባላስቀምጥ ሰው አይደለሁም!» ብሎ ወጣ።

የሰፈሩ መካኒክ «ናፍጣ የምትስብበት ፖምፓዋ ነው፣ ፖምፓ ቀይር» ብሎ ገላገለው። ፖምፓ የሚገዛበት አቅም የለውም፤ ስለዚህ ቅዳሜ በጠዋት ቱታውን ለብሶ ኮፈኑን ራሱ ከፈተ። ዳገቱ ላይ ስትጠፋ ጢስ አላየባትም፤ ነገሩን ከዚያ ጀመረ። መኪናዋ አየር ቢያጥራት ኖሮ ስትደክም ጥቁር ጢስ ትተፋ ነበር። ጢስ ከሌለ ግን የጠፋው ናፍጣው ነው፤ ሞተሩ ዘንድ አይደርስም ማለት ነው። የናፍጣ ማጣሪያ ፊልትሮውን ቀየረ፣ መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር አወጣ፣ ዳገቱን ሞከረ። ቆመች።

«በቃ ተዋት» አለችው ሚስቱ።

«ነይ ግቢ፣ ጀሪካን ትይዣለሽ።»

«የምን ጀሪካን?»

ናፍጣ የሞላ ጀሪካን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ከጀሪካኑ ቱቦ አወጣ፤ ቱቦውን በመስኮት አሳልፎ፣ ከታንኩ የሚመጣውን መስመር ነቅሎ፣ በቀጥታ ከፖምፓው ጋር አገናኘው። ትርፍ ናፍጣ የሚመለስበትን ቱቦም ወደ ጀሪካኑ መለሰው።

«ሌላው ሚስቱን ሽርሽር ይወስዳል» አለች ጀሪካኑን እንደ ሕፃን አቅፋ። «እኔን ማደያ አደረግኸኝ።»

«አፉን ቀና አድርገሽ ያዥው፤ እንዳይደፋ።»

ወጡ። መኪናዋ ዳገቱን ከሥር እስከ አናት አንድም ጊዜ ሳትቆም በላችው። ወርደው ደገሙት፤ ያው ነው። ሚስቱ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተች እልል ልትል ምንም አልቀራት። እንግዲህ ፖምፓው ጤነኛ ነው፣ ሞተሩም ጤነኛ ነው። ጣጣው ከታንኩ ጀምሮ እስከ ፖምፓው ድረስ ነው።

አኩራፊው የዚያን ዕለት ከልቡ ፈገግ አለ። ታንኩ ቆሻሻ መሆን አለበት! የአማቹ የዓመታት ዝቃጭ! ያን ጭቃ በጣሳ ይዞ ቀለም መሸጫው ባንኮኒ ላይ ሲዘረግፈው ታየው። መሬት ላይ ተጋድሞ ታንኩን ፈታው፣ ናፍጣውን ቀዳው፣ ውስጡን በባትሪ አየው።

ታንኩ እንደ መስታወት ጠርቷል።

ሰው በንጹሕ ታንክ ይናደዳል? እሱ ተናደደ። ቱቦዎቹን በአፉ ነፋቸው፤ አየሩ ያለ ችግር ያልፋል። ሳይመሽበት ሁሉንም መልሶ ገጠመ። እሑድ ከምሳ በኋላ ከሚስቱ ጋር ዳገቱን ሲሞክር፣ እዚያው የተለመደው ቦታ ላይ ቆመች።

መሪውን በቡጢ መታው። ሚስቱ አልደነገጠችም፤ ለምዳዋለች።

«ስትገጥም የመለስከው ናፍጣ አልቆ እንዳይሆን» አለችው።

«አላለቀም።»

«ክፈተውና እየው። ማየት ምን ያስከፍላል?»

እሷን ዝም ለማሰኘት ወርዶ የታንኩን ክዳን ሊከፍት ቁልፉን አዞረ። ክዳኑ አልነቃነቅ አለው። ከውስጥ አንድ ሰው የሚስበው ይመስል ነበር። እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ታገለው። በመጨረሻ ሲላቀቅ ታንኩ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ። ፉ. . .ፉ. . .ፉ. . . እያለ ቆየ። ሚስቱ እንኳ ከውስጥ ሆና ሰማችው።

ክዳኑን ገልብጦ አየው። ገብቶት ቁጭ አለ፤ መንገዱ ዳር፣ ድንጋይ ላይ።

ክዳኑ ቁልፍ ያለው ነው። መኪናዋን በገዛበት ሰሞን፣ አማቹ ትርፍ ቁልፍ አስቀርቶ ናፍጣውን የሚያስቀዳበት መሰለው። ማስረጃ አልነበረውም፤ ግን ሰው በናቀህ መጠን ይሰርቅሃል የሚል ነገር ውስጡ አለ። ስለዚህ ከአሮጌ የጎማ ውስጥ ላስቲክ ክብ ቆርጦ፣ በማስቲሽ ከክዳኑ ሆድ ጋር አጣበቀው፤ እሱ ብቻ በሚያውቀው አጠማዘዝ ካልሆነ እንዳይከፈት። ማደያ ሲሄድ ክዳኑ ፉ ሲል «እንዲህ ነው መግጠም!» እያለ ይኮራ ነበር። ላስቲኩ ግን ታንኩ አየር የሚስብባትን የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ ደፍኗት ኖሯል። ናፍጣው ሲጎድል የሚተካው አየር አይገባም፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ሲጠጣ፣ ፖምፓው ከታፈነ ታንክ ላይ ሲጎትት ጉልበት ያጣል። ስታርፍ በየስንጥቁ ጥቂት አየር ይሰርግላትና ትነሳለች።

ላስቲኩን በጥፍሩ ቦጭቆ ጣለው። ዳገቱን ወጡ፤ ወረዱ፤ ወጡ።

«ለጋሼ ትነግረዋለህ?» አለች ሚስቱ።

እሱ መኪናዋን ወደ ቤት አዞረ።

ሰኞ ጠዋት አማቹ ወሬው ደርሶት፣ ሸሚዙን ተኩሶ ዳገቱ ሥር ቆሞ ጠበቀው። «የሸጥኳት መኪና ስትወጣ በዓይኔ ልይ» ብሎ ሳይጋበዝ ከፊት ተቀመጠ። ሠራተኞቹ ከኋላ ተጠቀጠቁ። «አካፋ ይዣለሁ፤ ምናልባት ለመቅበር» አለ ያው የሐሙሱ ቀልደኛ።

አኩራፊው ጥርሱን ነክሶ ተነሳ። የምትቆምበት ቦታ ሲደርሱ ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ፤ አማቹም እጀታውን ጨበጠ። ማርሽ ቀነሰ፣ ነዳጅ ረገጠ። መኪናዋ ሳትንዘፈዘፍ ጎተተች።

«ምን አገኘህባት?» አለ አማቹ።

ቆሻሻ ነበር ማለት ይችላል። ዝቃጭ ነበር፣ የእርስዎ ዝቃጭ! ሚስቱ እንደሆነች አታጋልጠውም። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ቅዳሜ ያንን ዝቃጭ ሲፈልግ ውሎ አላገኘውም፤ የሌለ ነገር እጁ ላይ ሊያስቀምጥለት ደግሞ አልወደደም።

«ክዳኑን አፍኜው ነበር» አለ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ትርፍ ቁልፍ ያስቀሩ መስሎኝ።»

አማቹ ዞሮ አየው። «ትርፍ ቁልፉማ አለ እኮ። መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ረስቼው።» ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። «እና በጣሳ እየቀዳሁ ልጠጣልህ? አንተ አኩራፊ!»

ሳቁ አንጀት ድረስ ይዘልቃል። ሌላ ቀን ቢሆን መኪናውን አቁሞ «ይውረዱ!» ይል ነበር። ዛሬ ግን ማቆም የለም። እግሩን ከነዳጁ ላይ አላነሳም፤ አማቹ እንባውን እየጠረገ ሲስቅ፣ እሱ ኩርባውን ሰብሮ ካባው በር ገባ።

አለቃው መኪናዋን ከጎማዋ እስከ ጣሪያዋ አያት። «ሳትቆም?»

«ሳትቆም!» አሉ ሠራተኞቹ እየዘለሉ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው። ከታች የቀሩትንም አምጣቸው።»

አማቹ ወርዶ የአለቃውን ትከሻ ያዘ። «ይህ ሰውዬ ምን እንዳደረገ ልንገርህ?» ብሎ ገና ሳይጀምር መሳቅ ጀመረ።

አኩራፊው መኪናዋን አዙሮ ጨርሷል፤ ሞተሩንም አላጠፋም። «ይንገሩት ጋሼ፣ ደህና አድርገው ይንገሩት» አለ በመስኮት። «እኔን ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

ቁልቁለቱን ተያያዘው።