ወደ ኋላ የሚጠራው እጅ

«አውቶቡስ ይዞርበታል እኮ፤» አለ አሰልጣኙ ጣቱን ሰሌዳው መሃል ላይ እንደተከለ። «በተከላካዮቹና በአማካዮቹ መካከል ያለው ክፍተት፣ ሰው የጫነ አውቶቡስ ኋላ ማርሽ ሳይነካ ይዞርበታል። ትናንት ሁለቱም ጎሎች የገቡብን በዚሁ ነው።»

«አውቶቡሱን የጠራኸው አንተ ነህ፤» አለ አምበሉ ከአግዳሚው ሳይነሳ። «ልጆቹን ሩጡ አልካቸው፣ ሮጡልህ። እኛ ቦታችንን አልለቀቅንም።»

«ችግሩ እሱ ነው ጋሼ። ቦታችሁን አልለቀቃችሁም።»

ባቡር የሚሉት የግራ ተከላካይ ሳቁን በፎጣው አፈነ። የመልበሻ ክፍሉ እርጥብ ካልሲና የጡንቻ ቅባት ይሸታል። ከጣሪያው ጥግ የሚያፈሰው ውሃ ከስሩ በተቀመጠለት ባልዲ ውስጥ በየንግግሩ መሃል ጠብ ይላል። ሽማግሌዎቹ በግራ በኩል፣ ልጆቹ በበሩ በኩል ተቀምጠዋል። እንደዚያ ተቀመጡ ያላቸው የለም።

«በነዚህ እግሮች ነው ወደ ፊት የምንወጣው?» አምበሉ በአገጩ ወደ ባቡር አመለከተ። «ይሄን ሰውዬ እየው። ድሮ ፈጣን ባቡር ነበር። አሁን በየጣቢያው ይቆማል።»

«ተሳፋሪ ስለበዛ ነው፤» አለ ባቡር።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ አሰልጣኙም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ጣቱ እዚያው ሰሌዳው ላይ ነበር።

አምበሉን ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ግንቡ በሚል ስም ነው። መሃል ተከላካይ ነው፤ ከሱ ጋር ተጋጭቶ እሱን የጣለ አጥቂ አልተገኘም። አሰልጣኙ በዕድሜ ያንሰዋል። ጉልበቱ ተጎድቶ ጨዋታ እስኪያቆም ድረስ እዚሁ ክለብ ውስጥ ከግንቡ ጎን እየተሰለፈ ተጫውቷል፤ ያኔ ትንሹ ነበር የሚሉት። አሁን ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት «አሰልጣኝ»፣ ዞር ሲል «ትንሹ» ይሉታል። እሱ ግን ያኔም ጋሼ ይል ነበር፣ ዛሬም ጋሼ ይላል።

ክለቡ ከሁለት ሰው ልብስ ተቀዶ የተሰፋ ኮት ሆኗል። ኋላ ያሉት ለዓመታት አብረው የኖሩ፣ ኳስ እስኪመጣላቸው የሚጠብቁ፣ ሲመጣላቸውም የማይቸኩሉ ሰዎች ናቸው። ፊት ያሉትን ደግሞ የክለቡ ሊቀመንበር ባለፈው ክረምት ሰብስቦ አመጣቸው፤ ሁሉም ሯጮች ናቸው፣ መጠበቅ የሚባል ነገር አያውቁም። አባባ የሚባለው በረኛ «ከወገባችን በላይ ጎረምሳ፣ ከወገባችን በታች ጡረተኛ ነን» እያለ ይቀልዳል።

«ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታ ነው፤» አለ አሰልጣኙ። «ከተሸነፍን እንወርዳለን። እኩል ከወጣን እንተርፋለን። ልጆቹ ፊት ሄደው ሲጫኑ እናንተም ከኋላቸው ተከተሉ ነው የምለው። ሌላ ምንም አላልኩም።»

«እኩል ለመውጣት ኋላ መቀመጥ ነው። ይሄን እንኳን እኔ እናቴም ታውቃለች።»

«እናትህን ላሰልፋቸው?»

«ከባቡር ይሻላሉ፤» አለ አባባ ጓንቱን እየጨመቀ።

አሰልጣኙ ሰሌዳውን ጠረገና ሰውን አሰናበተ። ልጆቹ ቀድመው ወጡ፤ ሽማግሌዎቹ ወገባቸውን ይዘው ተነሱ። ግንቡ የታኬታውን ክር ሲፈታ፣ አሰልጣኙ በሩን ዘግቶ ተመለሰና ከጎኑ ተቀመጠ።

«እጅህን አይቼዋለሁ፤» አለው።

«የቱን እጅ?»

«ተው ጋሼ። ምልክቱን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

ምልክቱ ቀላል ነው። ግንቡ መዳፉን ማጅራቱ ላይ ካሳረፈ ተከላካዮቹ በሙሉ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። በተመልካች ጩኸት መሃል ድምፅ አይሰማም፤ እጅ ግን ይታያል። ከረጅም ጊዜ በኋላ ነገሩ ምልክት መሆኑም ቀርቷል። የሱ እጅ ሲነሳ የነሱ እግር ይሄዳል፤ በመካከሉ የሚያስብ ሰው የለም።

ግንቡ ክሩን መፍታት አቆመ። «ኳሱ ከኋላችን ሊወድቅ ነበር።»

«ሊወድቅ ነበር፤ አልወደቀም። እናንተ ስትሸሹ ሌሎቹ ወደ ፊት እየሮጡ ነበር። እነሱ የኔን ቃል ሰሙ፣ ባቡርና ጓደኞቹ ያንተን እጅ አዩ። ሁላችሁም ታዛዥ ሆናችሁ ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ።»

«ታዲያ ሰው ፊት ለምን አልተናገርክም?»

«ሰው ፊት የሚነገር አይደለማ።»

ባልዲው ውስጥ ውሃው ጠብ አለ። አሰልጣኙ የተጎዳ ጉልበቱን በመዳፉ እያሻሸ ቀጠለ። «ረቡዕ ልምምድ አትሠራም። ትሪቡን ላይ ትወጣና ከላይ ታያለህ። ባንተ ቦታ ተቀያሪህን፣ ዝምተኛውን አስገባለሁ። አይተህ ስትወርድ፣ ትንሹ ተሳስተሃል ካልከኝ ቅዳሜ እንደ ድሮው እንጫወታለን። አንተም አምበል ሆነህ ትገባለህ።»

«ትክክል ነህ ካልኩህስ?»

«እሱን ያኔ እናወራለን።»

ግንቡ ቀና ብሎ አየውና ፈገግ አለ። «ተሸንፈሃል። ፍርዱን ለኔ ከሰጠኸኝ ተሸንፈሃል።»

«እኔ አንተን አውቅሃለሁ፤» አለ አሰልጣኙና ወጣ።

ማታ ግንቡ ወጥ ቤት ውስጥ ጉልበቱ ላይ በረዶ አድርጎ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ሰው እያወራ ሥራ መሥራት ለምዳለች። ሽንኩርት እየከተፈች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ቅዳሜ ባትገባስ?» አለችው።

«እገባለሁ።»

«ባትገባ ነው ያልኩት።»

«ስንት ዓመት እዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ፣ ኳስ የማቆምበትን የመጨረሻዬን ቀን ወንበር ላይ ልቀመጥ? እማዬ እንኳን በዚህ ዕድሜዋ መጥታ ልታየኝ ነው።»

«ኮፍያም ገዝታለች፤» አለች ሚስቱ። «የክለቡን ቀለም። አድርጋው ስትመጣ የትራፊክ መብራት ነው የምትመስለው።»

ሳቀ። እሷም ሳቀችና ቢላዋውን አስቀመጠች። «እኔ ጋ የሚመጣ ሰው መሰርሰሪያውን ሲያይ ወንበሩ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ይሸሻል። ትልቁም ትንሹም። የወንበሩ መደገፊያ ከኋላው እንዳለ እያወቀ ይሸሻል። ስጠይቀው ግን አልፈራሁም ይላል።»

«እኔን ነው?»

«ታካሚዎቼን ነው። በረዶውን አታንሳ፣ ገና ነው።»

ረቡዕ ሰማዩ ጠርቷል። ግንቡ ጃኬቱን ለብሶ ባዶው ትሪቡን ላይ ወጣና ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ይህን ሜዳ እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል፤ ከላይ ሆኖ ግን አይቶት አያውቅም። ከታች ሲያዩት እግርና ትከሻ ብቻ ነው። ከላይ ግን መካከሉም ይታያል፤ ሰው የሌለበት ቦታ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል።

ልምምዱ ተጀመረ። ዝምተኛው በሱ ቦታ ቆሟል። በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ፈጣን፣ ሰላምታ እንኳን በአገጩ የሚሰጥ ሰው ነው። ልጆቹ ወደ ፊት ሲጫኑ ዝምተኛው ተከተላቸው፤ ባቡርም እያጉረመረመ ተከተለ። ግንቡ እጆቹን አጣምሮ ባቡር እስኪደክም ጠበቀ።

ባቡር አልደከመም። ግንቡ ዓይኑን ከሱ ላይ ሳያነሳ ብዙ ቆየ። ኳስ ሲጠፋ በቅርቡ ሌላ ሰው አለ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ፣ ሁለት ወደ ቀኝ ይላል፣ ኳሱ ይመለሳል። ያን ሰፊ ሜዳ ብቻውን አያቋርጥም። ሲያጉረመርም የነበረው አፉ ተዘግቷል፤ እንዲያውም እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይንጎራደዳል። ሽማግሌ የሚደክመው ወደ ፊት ሲወጣ ሳይሆን ከሩቅ ተነስቶ ሲደርስ መሆኑን ግንቡ ከላይ ሆኖ አየ። ሩቅ ያስቀመጣቸው ደግሞ ማን እንደሆነ ያውቃል።

ያን ጊዜ ከተቃራኒው በኩል ረጅም ኳስ ተመታ። ኳሱ ከፍ ብሎ በተከላካዮቹ አናት ላይ ሲመጣ ባቡር ቀና አለ፤ ያየው ግን ኳሱን አይደለም፣ ትሪቡኑን ነው። በዚያው ቅጽበት ባቡር ዞሮ ወደ ኋላ ሮጠ። ቀኝ ተከላካዩ ተከተለው፣ አባባም ወደ መረቡ ተመለሰ። ዝምተኛው ብቻ ፊት እንደቆመ ቀረ። አጥቂው በተከፈተው ቦታ ገብቶ ኳሷን ያለምንም ችግር አስቆጠረ።

አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፋ። «ማነው ወደ ኋላ ያለው?»

«እጁን አነሳ እኮ፤» አለ ባቡር ወደ ላይ እያመለከተ።

ሁሉም ቀና ብለው አዩ። ግንቡ ባዶ ትሪቡን ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ መዳፉ ማጅራቱ ላይ ነው። መቼ እንዳነሳው አያውቅም። ከታች ሳቅ ተነሳ፤ አባባ መረቡን ይዞ እስኪንበረከክ ሳቀ። ግንቡም አብሮ ሳቀ። ቀጥሎ እጁን አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አየው።

ልምምዱ ሲያልቅ ወረደ። አሰልጣኙ ኳሶቹን መረብ ውስጥ እየከተተ ነበር።

«ምን ታየህ?»

«ትክክል ነህ።»

አሰልጣኙ የያዘውን ኳስ መረቡ ውስጥ ከተተ። ግንቡ ያመለጠች ኳስ በእግሩ ገፋ አድርጎ ሰጠው። «የምሸሸው ለነሱ ይመስለኝ ነበር። ባቡር አይደርስም፣ ሌላውም አይደርስም እል ነበር። ኳስ ከኋላችን ሲወድቅ የማይደርሰው እኔ ነኝ። ለኔ ብለው ነው ሁሉም ኋላ የሚቆሙት።»

«ቅዳሜ ጀምረህ ትንሽ ተጫወት። ከዚያ እቀይርሃለሁ፣ ሰው ቆሞ ያጨብጭብልህ። ይገባሃል።»

«ትንሽ ከተጫወትኩ ትንሽ ወደ ኋላ እንላለን። ዝምተኛው ይጀምር። አምበልነቱን ለባቡር ስጠው፣ ሲከበር ይሮጣል።»

«እናትህስ?»

«እማዬ ኳስ ልታይ ነው የምትመጣው፤» አለ ግንቡ። መረቡን ከእጁ ተቀብሎ በትከሻው ተሸከመው።

ቅዳሜ ሜዳው ሞላ። ልጆቹ ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ እንደ ንብ ወረሩ፤ ኋላ ያሉትም ተከተሏቸው። እንግዳው ቡድን ኳስ ይዞ የሚዞርበት ቦታ አጣ። ከዕረፍት በፊት ከሯጮቹ አንዱ ከተከላካይ እግር ላይ ነጥቆ አስቆጠረ። የግንቡ እናት ኮፍያዋን አውልቃ አውለበለበች። አጠገቧ የተቀመጠችው ምራቷ ክንዷን ይዛ ልታስቀምጣት ስትሞክር ከተቀያሪዎች ወንበር ይታያል።

ከዕረፍት በኋላ እንግዶቹ ነገሩ ገባቸው። መሃሉን ትተው ረጅም ኳስ መምታት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሲመጣ ባቡር ወደ ወንበሩ ገልመጥ አለ። ግንቡ ይህን ጠብቆ ነበር፤ እጆቹን ከጭኖቹ ስር ከትቶ ተቀምጧል። ሁለተኛው ሲመጣ ቀኝ ተከላካዩም ገልመጥ አለ። ግንቡ ጣቱን እንኳን አላንቀሳቀሰም። ግን እጁ አልነበረም ችግሩ። ወደሱ ለማየት አንገታቸውን ሲያዞሩ ትከሻቸው ይዞራል፤ ትከሻቸው ሲዞር እግራቸው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ይላል። በእያንዳንዱ ኳስ አንድ እርምጃ። አውቶቡሱ የሚዞርበት ቦታ ቀስ በቀስ ተከፈተ፣ እንግዶቹም በዚያው ገብተው አቻ አደረጉ።

አሁን አንድ ጎል ከገባበት ክለቡ ይወርዳል።

አሰልጣኙ መስመሩ ዳር ቆሞ «ውጡ፣ ውጡ» ይላል፤ ድምፁ ሻክሯል። ተቀያሪዎቹ በሙሉ ተነስተው ቆመዋል። ግንቡ ብቻ ተቀምጧል። ባቡር ኳሱ ገና ሳይመታ ወደሱ ሲያይ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ግንቡ ያንን ዓይን ያውቀዋል፤ ብዙ ዓመት ሲያየው የኖረ ዓይን ነው፣ ምን ላድርግ ይላል።

ጃኬቱን አነሳ። ቦርሳውን ከወንበሩ ስር ስቦ ከቆሙት ተቀያሪዎች ጀርባ አለፈና ወደ መልበሻ ክፍል በሚወስደው መተላለፊያ አፍ ላይ፣ ጥላው ውስጥ ቆመ። ማንም አልዞረም። እናቱ ኮፍያዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ኳሷን ታያለች።

ከእንግዶቹ አንዱ ረጅሙን ኳስ ሊመታ አመቻቸ። ባቡር ወደ ወንበሩ ዞረ። ቦታው ባዶ ነበር። ለአንድ አፍታ ባዶውን ወንበር አየና አንገቱን ወደ ሜዳው መለሰ። ሌላ የሚያየው ሰው አልነበረውም፤ ዝምተኛውን አየ። ዝምተኛው በአገጩ ወደ ፊት አመለከተ። ባቡር ወጣ፣ ቀኝ ተከላካዩ ወጣ፣ ሁሉም እኩል ወጡ፤ ኳሷም ያን ጊዜ ተመታች። አጥቂው ኳሷን ይዞ ብቻውን ወደ አባባ ሲገሰግስ የመስመር ዳኛው ከጨዋታ ውጪ ብሎ ባንዲራውን ቀጥ አድርጎ አነሳ።

ግንቡ ቀጣዩን ኳስ ለማየት አልቆየም። በመተላለፊያው ውስጥ ሲሄድ ተመልካቹ ሲያጉረመርም፣ ሲጮህ፣ ደግሞ ሲስቅ ከላዩ ይሰማዋል፤ ጨዋታው የት እንዳለ ከድምፁ ያውቃል። ሰው ቆሞ እንዲያጨበጭብለት ወደ ሜዳው አልተመለሰም። በመልበሻ ክፍሉ በኩል ሲያልፍ ባልዲው ሞልቶ ሊፈስ እንደደረሰ አየና ገብቶ ደፋው፤ መልሶ ከሚያፈሰው ጣሪያ ስር አስቀመጠው።

የተጫዋቾች በር ላይ ያለው ጥበቃ ጀርባውን ሰጥቶ በአጥሩ ቀዳዳ ጨዋታውን ያያል። ግንቡ መወርወሪያውን ራሱ ሳበ፣ ወጣ፣ በሩንም ከኋላው ገጠም አደረገው።