የሳቂታ ሁለት እናቶች

እንግዶቹ ባልየውን አቅፈው ሳሙት፤ የሟች እናት ፊት ተንበርክከው አለቀሱ። የባልየውን እናት፣ አማቲቱን ግን «በርቺ» ብቻ ብለዋት አለፉ። ሻይ የምታዞረው እሷ ስለሆነች ይሆናል፤ ወይም ለምራት ያን ያህል የሚታዘን አልመሰላቸውም።

ሟቿን ሠፈሩ ሁሉ ሳቂታ ይላት ነበር። ፀጉር ሠሪ ነበረች። ሙሽራ ሆና በገባች ሰሞን አማቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ «እማማ፣ ይህን ፀጉርዎን አይጥ ነው እንዴ የቆረጠው?» ስትል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከሰዓት የሁለቱ ሆነ፤ አንዷ እያጠበች፣ ሌላዋ የሠፈሩን ወሬ እያወራች ይመሽባቸው ነበር። ካንሰር ይዟት የራሷ ፀጉር ሲረግፍ እንኳ መስታወቱ ፊት ቆማ፣ «ደንበኞቼ እንዳያዩኝ፤ ሥራዬን ይጠራጠራሉ» ነበር ያለችው።

በሩ አጠገብ ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«እብጠቱ ቀንሷል ተብሎ አልነበር እንዴ?»

«ኩላሊቷ ነው አሉ፤ ድንገት።»

«ማን ነበር አብሯት የዋለው?»

«አማቷ።»

አማቲቱ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ሰማቻቸው። እናትየውም ሰምታለች። ከሩቅ አገር መጥታ ቀብሩ ላይ እንኳ አልደረሰችም።

«እስቲ ይቀመጡ» አለቻት። «እንዴት እንደነበር ይንገሩኝ።»

አማቲቱ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«የካንሰሩን መድኃኒት ከወሰደች በኋላ ያስመልሳትና ያስቀምጣት ጀመር። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት፣ እንደ ሌላው ጊዜ ያልፋል አለችኝ። በማግስቱ ሽንት እምቢ አለኝ ስትለኝ ይዣት በረርኩ። ውሃ ከሰውነቷ አልቆ፣ መድኃኒቱም ተጨምሮበት፣ ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል አሉን። ደም የሚያጥበው ማሽን ላይ አደረጓት፤ ልቧ አልቻለም። ካንሰሩን እኮ እያሸነፈችው ነበር። እብጠቱ ግማሽ ሆኗል የተባልን ዕለት መንገዱን ሙሉ እየዘፈነች ነው የመጣችው።»

«ፈርታ ነበር?»

«እንጃ። ማሽኑ ላይ ሆና ነርሷን፣ ‹ፀጉርሽን ማን ነው እንዲህ ያበላሸብሽ? ስወጣ ነይልኝ› አለቻት።»

እናትየው ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ።

«ልጄ ናት» አለች። «በደወለች ቁጥር ‹እማማ እንዲህ አሉኝ፣ እንዲህ አልኳቸው› ነው ወሬዋ። እቀናብዎ ነበር።»

አዲስ እንግዶች ገቡ። አንዷ ዙሪያውን እያየች፣ «የሟች እናት የታሉ?» ብላ ጠየቀች።

አማቲቱ ቦታውን ልትለቅ ብድግ አለች። እናትየው የቀሚሷን ጫፍ ያዘች፤ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ አጠገቧ አስቀመጠቻት።