ሦስቱ ሠዓሊዎች

የቤተ መጻሕፍቱን ዳታቤዝ የምትጠግነውን ሴት ባልደረቦቿ «ወጌሻዋ» ይሏታል፤ የተዛባ ሠንጠረዥ ካየች ደሟ ይፈላል። ያን ቀን የአንባቢዎችን ሠንጠረዥ ስታጸዳ፣ በአንድ ስልክ ቁጥር ሦስት ሰዎች በቅጽል ስም ተመዝግበው አገኘች፤ «ሠዓሊው»፣ «ሰዓሊው» እና «ሰአሊው»። ለአንድ አንባቢ የሚፈቀደው አንድ መጽሐፍ ነው፤ ሰውየው ግን ሦስት ይዟል።

«ይሄ ብልጥ! ማሽኑ ፊደል ያያል እንጂ ድምፅ አይሰማም!» ብላ ሦስቱንም ጠቅልላ አንድ አደረገቻቸው።

በማግስቱ ሠዓሊው ቀለም እንደተለቀለቀ እየተንደረደረ መጣ።

«እህቴ፣ ሁለቱን ወንድሞቼን ምን አደረግሻቸው?»

«ቀበርኳቸው።»

«ሳይታመሙ?»

«እግዜር ያጥናህ» አለችው፣ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አሳርፋ። «ሐዘንህን በየትኛው ‹ሀ› ልመዝግበው?»