የጭምብሉ ልክ

እህቴ መራራውን ቀምሳው ነበር ወይስ አልቀመሰችውም?

ይህን ማወቅ ሥራዬ ነበር። አገሪቱን ለወረርሽኝና ለመርዛማ ጋዝ አደጋ እንዲያዘጋጅ በተቋቋመው መሥሪያ ቤት የጭምብል ፈታሽ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ባሕር ማዶ ነው። ጭምብል ያጠለቀ ሰው ራስ ላይ መስኮት ያለው ከረጢት አጠልቅለትና በቀዳዳው መራራ ፈሳሽ እረጫለሁ። ምሬቱ ምላሱ ላይ ከደረሰ ጭምብሉ ፊቱ ላይ አልገጠመም ማለት ነው። መራራው በገባበት በሽታውም ይገባል።

ፈተናው የሰውን ቃል ያምናል። "አልቀመስኩም" ያለ አለፈ። በተማርኩበት አገር ሰው ለምን ይዋሻል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከተመለስኩ ወዲህ ግን ስለ ምኑም እርግጠኛ አይደለሁም።

ተላላፊው ትኩሳት ከተማ ሲገባ የሆስፒታሉን ሠራተኞች መፈተሽ ጀመርን። የአምቡላንሱ ሹፌር ገና ከመርጨቴ ከረጢቱን ገፎ ጣለው።

"ኧረ በሕግ አምላክ! ሬት ነው እንዴ የምታጠጣን?"

"ጺም ካለ ጭምብሉ አይገጥምም። ተላጭተህ ተመለስ።"

"ሚስቴ ያገባችው እኮ ጺሙን ነው!"

ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቁት በሳቅ ፈነዱ።

ቀጥላ ታላቅ እህቴ ገባች። የለይቶ ማከሚያው ነርስ ናት። ፊቷ ትንሽ ነው፤ ከመጋዘናችን የመጣው ጭምብል ሁሉ ደግሞ ትልቅ። ትንሹ ልክ መንገድ ላይ ነው ከተባለ ሰነበተ።

"በል ሊቁ፣ ቶሎ በል። በሽተኛ ጥዬ ነው የመጣሁት።"

ረጨሁ። በመስኮቱ እያየኋት ጨመርኩ። ፊቷ ንቅንቅ አላለም።

"እታለም፣ ምሬት አለ?"

"ምንም።"

ልጆች ሳለን እናታችን መራራ መድኃኒት ስትሰጠን፣ እኔ እንዳልፈራ ቀድማኝ የምትውጠው እሷ ነበረች። ከረሜላ የበላች ይመስል ፊቷ ፍንክች አይልም። አሁንም ያየሁት ያንኑ ፊት ነው።

"እውነቱን ንገሪኝ። ጭምብሉ ካስገባ፣ ትንሹ እስኪመጣ በአንቺ ፈንታ ሌላ ሰው ይግባ።"

"ሌላ ሰው ማን? አንዷ ታማ ተኝታለች፣ አንዷ አራስ ናት። አንተ ትገባለህ?"

ወደ መዝገቡ አቀረቀርኩ።

"አየህ? ጠየቅከኝ፣ መለስኩ። ትምህርትህ ከዚህ ሌላ ምን ይላል?"

ሌላ አይልም። "አልፈሻል" አልኳት። ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጋኝ ወጣች።

ቀጣዩን ልጠራ ስል በመስኮት ግቢውን አየሁ። እህቴ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብላለች። በእፍኟ ውሃ ትይዛለች፣ ትጉመጠመጣለች፣ ትተፋለች። ደግማ ትጉመጠመጣለች። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ ጭምብልም አፍ ያደርቃል። የጠማው ሰው ግን ይውጣል እንጂ አይተፋም።

ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ስደርስ ቧንቧው ጋ የለችም፤ የለይቶ ማከሚያው በር ተዘግቷል።

"ያለ መከላከያ ልብስ ማለፍ አይቻልም፣ ወንድሜ" አለኝ ጥበቃው።

ነርሶቹ ስልካቸውን የሚያስቀምጡት ከለበሱ በኋላ ነው። ምናልባት ገና እየለበሰች ይሆናል ብዬ ጻፍኩላት፦

"እታለም፣ አትግቢ። ቀምሰሽዋል አይደል? እኔ እገባለሁ። ምን እንደማደርግ ብቻ ንገሪኝ።"

መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። በሩን እያየሁ ቆምኩ። መልሱ ያን ዕለትም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም።