ከበሮው እስኪመታ

«አሟሟቱ ግን ያስቀናል!» አሉ ጎረቤቷ እትዬ፣ ሻያቸውን ፉት ብለው። «ስንቴ መድረክ ላይ ሞቶ የለመደ ሰው፣ እንዴት አምሮበት ሞተ!»

ምላሶ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስሟ ሌላ ነው፤ አፏ ስለማያርፍ ግን አባቷ ራሱ ምላሶ አላት፣ በዚያው ቀረ። ሌላ ቀን ቢሆን «ካስቀናዎት ለእርስዎም ያድርግልዎ» ትል ነበር። ዛሬ ግን የአባቷ ሐዘን ሦስተኛ ቀን ነውና ዋጥ አድርጋ፣ ሁለተኛውን ሻይ ከንፈሩ በተሸረፈው ብርጭቆ ቀዳችላቸው። ሐዘን ቤት ውስጥ የሚቻለው በቀል ይኸው ነው።

የመጣው ሁሉ ይህንኑ ይላል። «እንደ ንጉሥ ሞተ።» «ሰው አጨብጭቦለት ሞተ።» ምላሶ በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። እስካሁን የተረፈ ጥርስ ካላት ተአምር ነው።

አባቷን ሁሉም «አለቃ» ይሉት ነበር። በእንጨት ሥራው ድርጅት የአናጢዎቹ አለቃ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ የሠራተኞቹ ቲያትር ቡድን አለቃ። የሚመርጠው ቲያትር ሁሌም ንጉሥ አለበት፣ ንጉሡም ሁሌም እሱ ነው። «አንዳንዴ እንኳ ለሰው ልቀቅ እንጂ!» ሲሉት፣ «ዘውዱን የሠራሁት በራሴ ጭንቅላት ልክ ነው፤ ምን ላድርግ?» ይላል።

የመጨረሻው ቲያትር የሩቅ አገር ነገሥታት ጦርነት ነበር፤ ሰይፍ ሆዱ ውስጥ የተሰካ ሰው አሥራ ሁለት መስመር የሚናገርበት ዓይነት። ንጉሡ ከስድስት ወታደሮቹ ጋር ከወንዙ ማዶ ይቀራል። ድልድዩ ካልተቆረጠ ጠላት ከተማዋ ይገባል፤ ከተቆረጠ ደግሞ ለሰባቱም መመለሻ የለም። ንጉሡ «ቁረጡት!» ይላል። ይዋጋሉ፣ ስድስቱ ይወድቃሉ፣ ንጉሡ ተናግሮ ተናግሮ ይሞታል። ከዚያ ከበሮ አንዴ ይመታል፣ ሬሳው ሁሉ ተነስቶ እጅ ይነሳል። ከበሮውን የምትመታው ምላሶ ናት። ጽሑፉን ይዛ ከመጋረጃው ጎን ተቀምጣ፣ ቃል የጠፋበትን ታስታውሳለች።

በልምምድ ላይ አንድ ቀን ጠይቃው ነበር።

«አባዬ፣ የራሱን ነፍስ ይስጥ፣ ይሁን። ስድስቱን ግን ማን ጠየቃቸው?»

አባቷ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አንስቶ ግንባሯን ነካ አደረጋት። «መሪ ሲጠይቅ ጠላት ይደርሳል፣ የኔ ምላሶ።»

«ሳይጠይቅስ?»

«ሳይጠይቅማ...» አለና ሳቀ። መልስ ሲያጣ ይስቃል። «ሂጂ፣ ከበሮሽን ያዢ!»

የአለቃም አዋጅ ነበር። አምና ቫርኒሽ የሚሉት ቀለም ቀቢ፣ በጦር ተወግቶ ሞቶ ሳለ አስነጠሰው። ማስነጠሱ ባልከፋ፤ ተነስቶ ተቀምጦ አፍንጫውን ጠረገ። አዳራሹ በሳቅ ሞተ። አለቃ ሦስት ወር አኮረፈው፣ ከዚያ ሁሉንም ሰብስቦ፣ «ጣሪያ ቢደረመስ፣ ቤት ቢቃጠል፣ ከበሮ ሳይመታ የሚነሳ ሬሳ ከእኔ ጋር አይሠራም!» አለ። ወደ ልጁም ዞሮ፣ «አንቺም የመጨረሻዋ ቃል ሳታልቅ እንዳትመቺ» አላት።

በአራተኛው ቀን እናቷ ማድ ቤት ድረስ ተከትላት ገባች። በቲያትሩ ቀን እናቷ ሥራ ላይ ስለነበረች አላየችም።

«ሲወድቅ አየሽው?»

«አየሁት።»

«ቶሎ ደረሱለት?»

ምላሶ ብርጭቆ ታጥብ ነበር። የታጠበውን መልሳ አጠበችው። «ቶሎ» ለማለት አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ያ ሁሉ ምላስ አንዲት ቃል ማንሳት አቃተው።

«እንግዳ መጣ፣ እማዬ» አለች። እንግዳ አልመጣም ነበር።

አባቷ የወደቀው ከአሥራ ሁለቱ መስመሮች አራተኛውን እንደጨረሰ ነበር። ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚወድቀው፤ እዚያ ከሣር ምንጣፉ ሥር ስስ ፍራሽ አለለት። ያን ቀን ወደ ቀኝ፣ ባዶው ጣውላ ላይ ወደቀ። ድምፁን ሰምታዋለች። ቃል ጠፍቶበት መስሏት አምስተኛውን መስመር በሹክሹክታ ነገረችው። ደግማ ነገረችው። አዲስ ነገር ጨምሮ ይሆናል አለች፤ መጨመር ይወዳል። ስምንት መስመር ይቀራል፤ የመጨረሻዋ ቃል አልተባለችም። የከበሮውን ዱላ ጨብጣ ጠበቀች። አንድ ሰው አጨበጨበ፣ አዳራሹም ተከተለ። ጭብጨባው አልቆ ሰው መንሾካሾክ ሲጀምር ነው የመታችው።

ስድስቱ ተነሱ።

በመጨረሻው የሐዘን ቀን ከሰዓት በኋላ ስድስቱም መጡ። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው በሰልፍ ተቀመጡ። ሻይ ጠጡ። ጉሮሮ ጠረጉ። በመጨረሻ ቫርኒሽ፣

«ለመታሰቢያው ቲያትሩን እንደግመዋለን ብለናል» አለ። «ዘውዱን ግን... እንግዲህ፣ ራሴ ትንሽ ነው፣ ውስጡ ጨርቅ ቢደረግበት...»

ትሪው ከምላሶ እጅ ጠረጴዛው ላይ ወረደ፤ ወረደ ሳይሆን ተወረወረ።

«ጨርቅ? ስድስት ሰው አጠገቡ ተኝቶ አንዱ እንኳ ቀና አይልም? ዓይን የላችሁም? ሬሳ ሆናችሁ ቀራችሁ?»

«አንቺ ልጅ!» አሉ ጎረቤቷ እትዬ።

«ይተዋት» አለ ቫርኒሽ። ፊቱ ልክ እንደሚቀባው ነጭ ቀለም ሆነ። «አለቃ እጅጌዬን ይዞኝ ነበር። ጥብቅ አድርጎ። ‹ትወና ነው› አልኩ። ቀጥሎ ‹ባይሆንስ?› አልኩ። ብነሳ ደግሞ... አምና ስነሳ የሆነውን ታውቂያለሽ። ከበሮውን ጠበቅኩ።»

ምላሶ አፏን ከፈተች። ልትሰድበው ነበር፤ ስድቡ ደርሶ ከንፈሯ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እኔ ደግሞ የመጨረሻዋን ቃል ጠበቅኩ» አለች፣ ወደ እናቷ ዞራ። «ቶሎ አልደረሱለትም፣ እማዬ። ከበሮው እኔ ጋ ነበር።»

እናቷ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ደግማ ጠቀለለች።

«ደረቱን ሲይዘው ሐኪም ዘንድ ሂድ አልኩት» አለች በመጨረሻ። «‹ትርኢቱ ይለቅ› አለኝ። ‹እሺ› አልኩት።» ድምጿ ድንገት ከፍ አለ። «ምነው አንዳችን እንኳ አንድ ቀን እምቢ ብንለው! ምን ነበረበት!»

መመለስ የነበረበት ያ ሳቂታ ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም።

ብርሃኑ ከመስኮቱ ሸሸ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ጎረቤቷ እትዬ የተሸረፈውን ብርጭቆ በጣታቸው ያዞራሉ። ስድስቱ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም፤ መሄድ እንዳለባቸው ያውቃሉ፣ ቀድሞ የሚነሳ ግን ጠፋ። ሁልጊዜ «በሉ እንግዲህ» ብሎ የሚያስነሳቸው አለቃ ነበር።

እናቷ ቀና ብላ ምላሶን አየቻት። በዓይኗ ቁጣም ይቅርታም አልነበረም። ከዚያ በአገጯ ወደ ትሪው ጠቆመቻት።

ምላሶ ትሪውን አንስታ ገለበጠችው። በጣቷ አንጓ መሐሉን አንዴ መታችው።

ስድስቱ ተነሱ።

አንድ በአንድ እናቷን ጎንበስ ብለው ጨብጠው ወጡ። ምላሶ ትሪውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በአባቷ ባዶ ወንበር ትይዩ ቆመች። የመጨረሻው ሰው በሩን እስኪዘጋ ጠበቀች።

ከዚያ ማንም ሳይሰማት፣ ቀስ አድርጋ፣ አንድ ጊዜ ደግማ መታችው።