ሰንበት የሚቆርጠው መስመር

«መስመሩ ዛሬም ሞቷል» አለ የባንቺአየሁ አለቃ ሊኦር በሩ ላይ ቆሞ። እሁድ ጠዋት ነው፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

ባንቺአየሁ ዞር ብላ አላየችውም። በእስራኤሏ ከተማ በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የዳታቤዝ ኃላፊ ናት። በዋናው ዳታቤዝ የተለወጠውን ሁሉ እየለቀመ ለመጋዘኑ ቅጂ የሚያቀብለው ፕሮግራም ከፋሲካ ወዲህ በየሰንበቱ ይቋረጣል። ሥራ ሲጀመር የፋብሪካውና የመጋዘኑ ቁጥር አልገናኝ ይላል፤ እርግማኑም እሷ ላይ ይወርዳል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሺሙዓ የሚሉት ስብሰባ አለባት፤ ከማባረራቸው በፊት የምትለው ካለ ሊሰሟት።

ምክንያቱን ግን አርብ ዕለት ደርሳበታለች። በመሞከሪያው ማሽን ላይ ዳታቤዙንና ቅጂውን የሚያገናኘውን መስመር ሆን ብላ ጸጥ አደረገችው፤ ጥቂት ቆይቶ ተቆረጠ። ሰንበት ሲገባ ፋብሪካው ይቆማል፣ የሚለወጥ ነገር አይኖርም፤ የኔትወርኩ ዘበኛ የሆነው ፋየርዎልም ጸጥ ያለው መስመር የሞተ እየመሰለው ይዘጋዋል። ጸጥ ያለ መስመር ይዘጋ የሚለውን ደንብ ፋየርዎሉ ላይ ያስገባው ኤሬዝ ነው፤ የኔትወርኩ ሰው፣ በቢሮው ከእሷ ሌላ ያለው ብቸኛ ኢትዮጵያዊ። መቋረጡ እንደጀመረ ስትጠይቀው ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ምንም አልነካሁም» ብሏት ነበር። ደሟ ፈላ።

ኮሪደሩ ላይ ያዘችው። «ታውቅ ነበር?»

ኤሬዝ በዕብራይስጥ ሊመልስ ጀመረና ሰው መኖር አለመኖሩን አይቶ ወደ አማርኛ ዞረ። «ካወቅሁ ሰነባበትኩ። ዛሬ ደንቡን አነሣዋለሁ፣ በዚያው ይቀራል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እዚህ ሁለት ብቻ ነን፤ አንዳችን ስንሳሳት ‹እነዚህ ኢትዮጵያውያን› ነው የሚሉን።»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ እኔን ሲሉኝስ? እኔ ከነማን ነኝ?»

«እናቶቻችን እኮ…» ሲል ጥላው ሄደች። እናቶቻቸው ከአዲስ አበባ በአንድ አውሮፕላን የመጡ፣ በዓል በመጣ ቁጥር በአንድ ገበታ የሚቀመጡ ናቸው። ይኼ ደግሞ ይብስ አናደዳት። ጥፋቱ የእሱ፣ ይሉኝታው የእሷ!

ሺሙዓው ላይ ሊኦርና የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ሳፒር ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ኤሬዝም በባለሙያነት ተጠርቶ ጥግ ይዟል።

«የምትይው አለ?» አለች ሳፒር።

የኤሬዝ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከስሙ ጋር ግን የእናቱ ፊት መጣባት።

«አለኝ» አለች። «መስመሩን የሚቆርጠው ምን እንደሆነ እዚህ ከተቀመጥነው አንዱ ያውቃል። እሱ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ።»

ሊኦር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ባንቺአየሁ ወንበሯን ወደ ኤሬዝ አዞረችና እጇን አጣጥፋ ጠበቀችው።